የላቀው ዳክ

ደሴ ውስጥ፣ ከሆጤ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ሰው ዕቃ ለመግዛት ሲያገላብጥና ሲያማርጥ ከዋለ ከጎረቤት አንዱ ጣል የሚያደርግበት አባባል አለ። ጫማ ሲመርጥ ለሚያመሽ ሙሽራ ይባላል፤ በግ ተራ ቆሞ ላት እየዳሰሰ ልቡ ለሁለት ለሚከፈልበት አባወራም ይባላል። የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ከየት እንደመጣ ግን በደንብ የሚያውቁት በዚያች ቅዳሜ ከሰዓት በላቀው አባተ ቤት የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ላቀው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከግቢ ግቢ ሲዞር ይውልና ማታም ቤቱ ገብቶ እግሩ አያርፍም፤ ተቀምጦ እንኳ ጉልበቱ ይርገበገባል። አባቱ አባተ በሕይወት ሳሉ ካሴት እየቀዱ የሚሸጡበት ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ሲሞቱ ለልጃቸው የተዉለት አንድ ጆንያ ካሴትና ከዋንዛ እንጨት ያሠሯቸው፣ ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ነው። የመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ ሳሎን ተኝተው ያደመጡት በነዚያው ነበር። ሰፈርተኛው «የአባተ ዋንዛዎች» ይላቸዋል። ላቀውም የአባቱን ጆሮ ወርሷል ተብሎ ይታመናል፤ ራዲዮም ይሁን ማሲንቆ የሚገዛ ሰው እሱን ሳያማክር አይገዛም።

ላቀው ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጧቸው ነበር። ችግሩ ከኮምፒዩተሩ በቀጭን ሽቦ ወደ ስፒከሮቹ ሲለቃቸው፣ ከዜማው ኋላ የጋለ ዘይት ላይ እንደተረጨ ውሃ የሚንጫጫ ነገር መስማቱ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው መድኃኒቱን ነገረው፦ ዳክ። ኮምፒዩተር ዘፈንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ዳክ የሚባለው ሣጥን ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። እንደ አስተርጓሚ ማለት ነው። አስተርጓሚው ደካማ ከሆነ የተናጋሪው ቃል ይበላሻል።

«ዳክ ልገዛ ነው» አላት ለሚስቱ ለአስካለ።

«ዳክዬ? የት ልታዋኛት ነው፣ በልብስ ማጠቢያዬ ሳፋ?»

«ዳክዬ አላልኩም፤ ዳክ!»

«ያው ነው። ሁለቱም የሚጮኹ ናቸው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ላቀው ዕረፍት አጣ። ጉርሻውን ጠቅልሎ አፉ ሳያደርስ ስልኩን ያያል። አንዱ «ርካሹ ይበቃል» ብሎ ጽፏል፤ ሌላው «ርካሽ ከምትገዛ ጆሮህን በጥጥ ድፈን» ብሏል። ማታ ከአንደኛው ጋር ተስማምቶ ይተኛና ጠዋት ከሌላኛው ጋር ተስማምቶ ይነሣል። የአንዱን ግቢ ቆጣሪ ሁለት ጊዜ አንብቦ የጎረቤቱን የረሳበትም ቀን ነበር።

መንገዱን ሆን ብሎ እያጣመመ በእንድሪስ ሱቅ በር በቀን አራቴ ያልፋል። እንድሪስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ከላቀው ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ዳኮች ተቀምጠዋል። አንዱ ጥቁር፣ የገላ ሳሙና የሚያህል፣ ዋጋው አራት ሺህ ብር። ሌላው ነጭ፣ ፊቱ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ሚዛን ድንጋይ የሚከብድ፣ ዋጋው ሠላሳ ስድስት ሺህ። በአምስተኛው ቀን እንድሪስ ራሱ ወጥቶ ጠራው።

«ና ግባ፣ በሬን በጫማህ ጨረስከው። ወላሂ ላቀው፣ ላንተ ቤት ጥቁሩ ይበቃሃል።»

«ሳልሰማ?»

«ስማ እንጂ፣ ማን ከለከለህ።»

እንድሪስ የነጩን ባለ ሦስት እግር ሶኬት ማከፋፈያው ላይ ሰካ፣ መብራቱን ከኮምፒዩተሩ የሚያገኘውን ጥቁሩንም አዘጋጀ፣ የጆሮ ማዳመጫ አቀበለው። ላቀው አንዴ በነጩ፣ አንዴ በጥቁሩ አዳመጠ። ገና ወደ ነጩ ሲዞር ፊቱ በራ።

«በነጩ ዘፋኙ ፊቴ ቆሟል! በጥቁሩ አፉ ላይ ነጠላ ጣል አድርገውበታል።»

«እኔስ ልዩነት አልሰማሁም» አለ እንድሪስ።

«አንተ ነጋዴ ነህ። እኔ የአባተ ልጅ ነኝ።»

«ነጋዴ ብሆን ኖሮ ነጩን አልሸጥልህም ነበር? ለገንዘብህ አስቤ ብነግርህ ትሰድበኛለህ?»

ነገሩ ከሮ ድምፃቸው ውጭ ተሰማ። ለራዲዮናቸው ባትሪ ሊገዙ የመጡት ጋሽ ይማም በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ጋሽ ይማም የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ያኔ ተሟጋቾች ዳኛ ፊት ቆመው «በቅሎ እሰጥ!» «ማር እሰጥ!» እየተባባሉ ሲወራረዱ አይተዋል። ላቀው እሳቸውን ሲያይ ይባስ ጋለ።

«ዐይኔን ጨፍኜ ነጩን ከጥቁሩ ባልለይ፣ የአባቴን ዋንዛዎች እሰጥ!»

እንድሪስ የጆሮ ማዳመጫውን ከእጁ ተቀበለው።

«ላቀው» አሉ ጋሽ ይማም በዝግታ፣ «‹እሰጥ› እንደ ምራቅ የሚተፋ ቃል አይደለም። ዳኛ ከሰማው አይታጠፍም። ልስማው ወይስ አልሰማሁም ልበል?»

ልቡ ‹አልሰማሁም ይበሉ› አለው፤ አፉ ግን ቀደመው። «ይስሙት ጋሽ ይማም!»

«ሰማሁ። አንተስ እንድሪስ?»

«ከለየ ነጩን በጥቁሩ ዋጋ ይውሰድ። እሰጥ።»

ቅዳሜ እስኪደርስ ላቀው ስፒከሮቹን በቀን ሦስቴ ይወለውላቸው ጀመር። አስካለ ቆማ ታየዋለች።

«ሰው መሬት ያስይዛል፣ ወርቅ ያስይዛል። አንተ አባትህን አስያዝክ?»

«አልሸነፍም አስኩ።»

«ታዲያ እንደሚሸኝ እንግዳ ለምን ትወለውላቸዋለህ?»

ላቀው መወልወያውን አስቀመጠ። የዋንዛውን ጠርዝ ዳሰሰ፤ አባቱ ክንዳቸውን የሚያስደግፉበት ቦታ ለስልሶ ቀርቷል። ስፒከሮቹ ከዚህ ቤት ወጥተው በእንድሪስ መስታወት ውስጥ ዋጋ ተለጥፎባቸው ታዩት። ሄዶ ይቅርብኝ እንዳይል ደግሞ ‹ባለ ጆሮው ፈራ› መባል አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጁን ሞላው። ሳሎኑ መሀል ገመድ ታስሮ የአልጋ ልብስ ተሰቀለ። እንድሪስ ኮምፒዩተሩንና ሁለቱን ሣጥኖች ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ገባ። ጋሽ ይማም ወዲያም ወዲህም እንዲታያቸው ጠርዙ ላይ በርጩማ ተሰጣቸው። አስካለ በሩን ተደግፋ ቆመች። ላቀው በስፒከሮቹ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ።

«አርፈህ ቁጭ በል እንጂ፣ ሽንት ያጣደፈው ሰው መሰልክ» አሉት ጋሽ ይማም። «ሕጉ ይህ ነው፦ ሁለት ጊዜ ትሰማለህ። አንዱ በጥቁሩ፣ አንዱ በነጩ። የቱ የቱ እንደሆነ ትነግረናለህ። ምን ይከፈት?»

«አባቴ የቀዱት የኩታበሩ አዝማሪ። አምባሰሉን።»

ግጥም የሌለው፣ ማሲንቆ ብቻ የሆነ ቅጂ ነበር። ተከፈተ። ላቀው ዐይኑን ጨፍኖ እንደ ሌባ ጠባቂ ጆሮውን አቆመ። የደጋኑ ጭራ ሲፋተግ ይሰማል? አዎ። የአዝማሪው ትንፋሽስ? ትንሽ። የክፍሉ ስፋት? እንጃ፣ ጠበብ ያለ መሰለው። ማሲንቆው ግን የሚለውን ይላል፤ ላቀው ለእሱ ጊዜ አልነበረውም።

ድምፁ ተቋረጠ። ከመጋረጃው ኋላ የሽቦ መንኳኳት ተሰማ፣ የእንድሪስ ሳል፣ ከዚያ የሆነ ነገር ግድግዳ ሲቧጥጥ። ቆየ። የላቀው ጉልበት መርገብገብ ጀመረ። በመጨረሻ ማሲንቆው ድንገት ፈነዳ።

ላቀው አራት እስኪቆጠር እንኳ አልጠበቀም። ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«ይኸው! ይኸው ነጩ! የመጀመሪያው ጥቁሩ ነው፣ ይኼ ነጩ! ሰማችሁት? ቤቱ ሰፋ እኮ! ዜማው ራሱ ሌላ ሆነ፣ ልብ ያባባል!»

«ላቀው፣ ቆይ…» አለ የእንድሪስ ድምፅ።

«ዝም በል አንተ፣ ይጨርስ» አሉ ጋሽ ይማም። «ሌላስ ምን ሰማህ ልጄ?»

«ምን ያልሰማሁት አለ! ጥቁሩ ደረቅ ነበር፣ ይኼ ይለሰልሳል። ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር እኮ ዝም ብሎ አይጠየቅም!»

ጋሽ ይማም በከዘራቸው ጫፍ የአልጋ ልብሱን ገለጥ አደረጉት። እንድሪስ ላብ አጥምቆት ቁጢጥ ብሏል። በእጁ የነጩን ሣጥን ሶኬት ይዟል፤ ሦስት ወፍራም እግር አለው። የላቀው ግድግዳ ላይ ያለው ደግሞ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ነጩ ሣጥን መብራት እንኳ አልበራበትም።

«ማከፋፈያውን ሱቅ ረስቼ መጣሁ» አለ እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ። «አልገባ ሲለኝ ሽቦውን ጥቁሩ ላይ መልሼ ልነግርህ ስል ዘለህ ተነሣህ።»

«ማለት… ሁለቱም…»

«ሁለቱም ጥቁሩ ነው።»

አስካለ አፏን በመዳፏ ያዘች። ላቀው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ግን ልዩነቱን ሰምቷል! ከምር ነው የሰማው!

«አብሽር» አሉ ጋሽ ይማም፣ «ልዩነትስ ነበረው። አሁንም እየተጫወተ ነው፣ አድምጠው። መጀመሪያ የተከፈተው ምን ነበር?»

«አምባሰል።»

«ይኼስ?»

«አምባ…»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። እንድሪስ ከሶኬቱ ጋር ሲታገል ኮምፒዩተሩ በገዛ ራሱ ወደ ቀጣዩ ቅጂ አልፎ ነበር። ስፒከሮቹ የሚሉት አምባሰል አይደለም፤ ባቲ ነው። የወሎ ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሚለየውን፣ የአባተ ልጅ ወንበር ይዞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ሳተው። ቢስቁበት ይሻለው ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም።

ላቀው ተነሥቶ አንደኛውን ስፒከር በሁለት እጁ አቀፈ። «ተረትቻለሁ። እንድሪስ፣ ያዘው።»

«ተው አንተ፣ ነጩን መቼ አሰማሁህ?»

«ዳኛው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይማም። «አስቀምጠው። ችሎት ያልቀረበ ምስክር አይመዘንም፤ ነጩ አልተናገረም፣ ውርርዱ ፈርሷል። ጥቁሩን በዋጋው ትገዛለህ። ስለ አፍህ ደግሞ ቅጣት አለብህ፦ ይህ ባቲ እስኪያልቅ እግርህን ሳታነቃንቅ ትሰማለህ።»

ላቀው ስፒከሩን ወደ ቦታው መልሶ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ያዘው። መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ ታገለው፤ እየቆየ ተወው። ያ የሚንጫጫው ነገር እንደሌለ ያስተዋለውም ያኔ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥቁሩ ጠፍቷል። ማሲንቆው እያዘገመ ሄደ፣ ሄደና ቆመ። ከቆመ በኋላ ከካሴቱ ውስጥ ላቀው ሲገለብጥ ቸኩሎ ያለፈው ድምፅ መጣ። አባቱ ናቸው፤ አዝማሪውን፣ «ባቲዋን ድገምልኝ፣ አሁን ገና ሰማኋት» ይሉታል።

ላቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጉሙ አዞረ።

ጋሽ ይማም ከዘራቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ አስካለ በሩ ላይ አቆመቻቸው። «ጋሽ ይማም፣ ይህ ሰው ከልጅነቱ በጆሮው የተመሰገነ ነው። ዛሬ ምን ነካብኝ?»

ሽማግሌው መስታወት ውስጥ ተቀምጦ የነበረውን፣ አሁን እንድሪስ በካርቶን የሚጠቀልለውን ነጭ ሣጥን አንዴ አይተው፣ «ጆሮውስ ደህና ነው ልጄ» አሏት፤ «ብቻ ዋጋ የሰማ ጆሮ ዜማ አይሰማም።»