ወገብ ላይ የታሰረ መጫኛ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከገደል ማር እየቆረጠ የሚኖር። ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ ይርዳው ልጄ፤ አስቀድመህ ይህን ስማ።

በዚያ ሰው አገር ንብ የሚሰፍረው ገደል መሐል ነው። ማር ቆራጩ መጫኛ በሚሉት የቆዳ ገመድ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ከላይ የምትይዘው ሚስቱ ናት። መጫኛውን በአለት ጥርስ ላይ ታዞርና ጫፉን ወገቧ ላይ ታስረዋለች። እጅ ይዝላል፣ ወገብ ግን አይከዳም ይላሉ። እሱ ቢወድቅ እሷም ተከትላው ትሄዳለች፤ ስለዚህ ሌላ ሰው እሺ ብሎ አይይዝም።

ያን ቀን ጠዋት ባልና ሚስቱ ተጣልተው ነበር። ነገሩ ወጥ ቀጠነ ዓይነት ነው፤ ሰውየው ግን አፉን አልሰበሰበም። አፋፉ ላይ ደርሰው ልታስር ስትል፣

«ተይው፤ በእጅሽ ያዢው» አላት። «ከዛሬ ወዲያ እኔና አንቺ የተሳሰርን አይደለንም። ይቺን ማር ቆርጬ ልውጣ እንጂ መንገድ መንገዳችንን እንይዛለን።»

በእጇ ያዘች።

ወረደ። ማሩን መቁረጥ ሲጀምር ንቡ ተቆጣ፤ ከፊሉ እሱን ወረረው፣ ከፊሉ ወደ ላይ ተመመ። ያን ጊዜ ሚስቱ ትዝ አለችው።

«ይዘሻል ወይ?» ብሎ ጮኸ።

ዝም።

«አንቺ! ይዘሻል ወይ?»

ነጠላዋ ከላይ ወርዶ ባጠገቡ አለፈ። እያነሰ እያነሰ ሄዶ ከወንዙ ላይ ሲያርፍ አየው። ጥላኝ ሄደች አለ። ወዲያው መጫኛው አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ሸርተት አለና ቆመ። እመቤታችንን ጠራ። የገደሉስ ፍርሃት የለመደው ነው። ግን ራሱን በእሷ ቦታ አቆመና፣ «እኔ ብሆን እለቅ ነበር» ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ አጥንቱ ድረስ ገባ።

መጫኛው ግን ዳግመኛ አልተንሸራተተም። እየተንጠላጠለ ወጣ።

ሚስቱ ተረከዟን ከድንጋይ ጋር ተክላ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጦ ዓይኗ አይታይም። ያልመለሰችለት ንብ አፏ እንዳይገባ ጥርሷን ነክሳ ነው። ነጠላዋን የጣለችው ንብ ስለተሰገሰገበት ነው። መጫኛው የተንሸራተተውም በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ወገቧ ላይ ስታስረው ነበር። ሮጣ ማምለጥ ስትችል፣ ያሰረችው ንቡ ከመጣ በኋላ ነው።

«በእጄ ብቻማ አልችልህም ነበር» አለችው። ሰውየው እግሯ ሥር ወድቆ አለቀሰ።

ይርዳው ልጄ፣ «እንጋባ፤ ቁርባኑ ግን ይቆየን። ባንስማማ መውጫ ቢኖረን ምን አለበት አባ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። መውጫ የተበጀለት ትዳር በእጅ የተያዘ መጫኛ ነው፤ ንቡ እስኪመጣ ድረስ ይበቃል። ንቡ ደግሞ አይቀርም፤ በሽታው አለ፣ ማጣቱ አለ፣ የገዛ አፍህ አለ። ቁርባን ጫፉን ወገብህ ላይ ማሰር ነው፤ የሚያስረውም እግዚአብሔር ነው፣ እስከ ሞት ድረስ። መፍራትህን አየሁ። ፍራ፤ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ሁልጊዜ የምትንጠለጠለው አንተ እንዳይመስልህ። አንድ ቀን እሷ ከታች ሆና «ይዘሃል ወይ?» ትልሃለች። ያን ቀን እጅህ ሲዝል፣ ወገብህ ላይ ምን ይኖራል?