ደጁን ሣር የወረሰው ጉሬዛ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ትልቁም ትንሹም ይስማ። ይህ ተረት ለልጅ ብቻ የሚተው አይደለም።

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ስሙ ከሰው ልብ በጠፋ አገር አንድ ጉሬዛ ነበር። ጉሬዛን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከትከሻው የሚወርደው ነጭ ፀጉር ኩታ የደረበ መኮንን ያስመስለዋል። የኛው ጉሬዛ ደግሞ መምሰሉን ትቶ መኮንን የሆነ መስሎት ነበር። ብልህ ነው፣ አንደበቱም የተባ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ራሱን ማየት ከጀመረ ሌላ ሰው አይታየውም።

ይህ ጉሬዛ አንድ ቀን ከሚኖርበት ዝግባ ሥር ጭቃ ሲጭር ሆራ አገኘ። ሆራ ማለት ጨው ያለው ምንጭ ነው፤ እንስሳ አንዴ ከቀመሰው ሌላው ውሃ ሁሉ ይመርበታል። በዚያ አገር ጨው ብርቅ ስለነበር ጎሹም ድኩላውም ድንጋይ እየላሰ ነበር የሚኖረው።

የአገሩ ሕግ ግን ጥብቅ ነው። ምንጭ የሚጸናው ላገኘው ሳይሆን መንገድ ለወጣለት ነው። ያገኘው እንስሳ ለጊዜው ይይዘዋል፤ ዓመቱ ሲሞላ ዳኛ ዝሆን መጥተው ደጁን ያያሉ። ደጁ ተረግጦ መንገድ ከወጣበት ምንጩ ለልጅ ልጁ ይሆናል። ሣር ከወረሰው «የሚፈልገው የለም» ይባልና ለጠየቀ ይሰጣል። ጠያቂው ማን እንደሆነ ደግሞ ከወዲሁ ይታወቃል፤ አያ ጅቦ ነው። ሆራው በጅብ እጅ ከገባ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ተበልቶ ይቀራል፤ ጉሬዛም ልጆቹን ካሳደገበት ዝግባ ይነቀላል።

ጉሬዛ ይህን ሰምቶ ሳቀ። እኔን የመሰለ ባለቤት፣ ይህን የመሰለ ውሃ ይዞ ደጁ ሣር ያበቅላል ወይ አለ። ወዲያው ሥራ ጀመረ። ሆራውን ዙሪያውን በእሾህ አጠረው። ከጽድ እንጨት ያማረ በር ሠራ። ከበሩ እስከ ምንጩ ድረስ እንግዳው ግቢውን እያደነቀ እንዲሄድ የሚጠማዘዝ መተላለፊያ አበጀ። በየመታጠፊያው የድንጋይ መቀመጫ አኖረ። ከዝግባው ላይ ደግሞ የሐረግ ዥዋዥዌ አንጠለጠለ። ሰኮና ያለው እንስሳ ዥዋዥዌ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ግን አላሰበበትም፤ እሱ ራሱ ይወደው ስለነበር በቃው። ከዚያ ከበሮውን አንሥቶ ዝግባው ጫፍ ላይ ወጣና ይደልቅ ጀመር።

«ኑ ቅመሱ፣ ኑ ላሱ፣
አምሮታችሁን ይዛችሁ አትመለሱ።»

አገሩ ነቅሎ መጣ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው እናት ድኩላ ናት፤ ግልገሏን አስከትላ፣ ምላሷ ደርቆ። ጉሬዛ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። እንደምን ከረምሽ አላት፤ ባልሽስ፣ ዘመዶችሽስ፣ የሰፈራችሁ ሣርስ እንዴት ነው እያለ ጠየቃት። እሷም መለሰች። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነች እስከ ሰባት ቤት አስቆጠራት። ቆጥራ ስትጨርስ፣ መምጣቷ እንዲታወቅ ከፀጉሯ ነጭታ አጥሩ እሾህ ላይ እንድታንጠለጥል ጠየቃት። አንጠለጠለች። ግልገሉም ነጨ።

አሁንስ ውሃው ጋ ደረሰች ስትሉ፣ ጉሬዛ መጀመሪያው መቀመጫ ላይ አስቀምጦ ጽዱን ከየት እንዳመጣው ይተርክላት ጀመር። ሁለተኛው መቀመጫ ላይ ሆራውን እንዴት እንዳገኘው አወራት። ቀጥሎ ዥዋዥዌውን ተንጠላጥሎ አሳያት። የሆራውንም ዘፈን አስጠናት። ግልገሉ የጨው ሽታ እየሸተተው እናቱን በአፍንጫው ይገፋል። እንዲህ እንዲህ ሲባል ጥላ ረዘመ፣ የጅብ መውጫ ደረሰ። ድኩላ ግልገሏን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ተነሣች።

«እጅግ ግሩም ቤት ነው፤ እግዜር ያክብርልን፣ እንመለሳለን» አለችና ሄደች።

እናንተስ ስልካችሁ ላይ አዲስ መተግበሪያ ትጭኑና፣ ስም አስገባ፣ ቁጥር አስገባ፣ የይለፍ ቃል ፍጠር፣ ይህን ተቀበል፣ ያንን እይ እያለ ሲያደክማችሁ፣ የመጣችሁበትን ጉዳይ ሳታገኙ አጥፍታችሁት ትተኙ የለም? ድኩላም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እሷ ጨዋ ስለሆነች መርቃ ሄደች።

ከድኩላ በኋላ ጎሽ መጣ፤ ሰላምታ፣ ሰባት ቤት፣ ፀጉር፣ ወሬ፣ ዥዋዥዌ። «እጅግ ግሩም ቤት ነው፤ እግዜር ያክብርልን፣ እንመለሳለን።» አጋዘን መጣ፤ ሰላምታ፣ ሰባት ቤት፣ ፀጉር፣ ወሬ፣ ዥዋዥዌ። «እጅግ ግሩም ቤት ነው፤ እግዜር ያክብርልን፣ እንመለሳለን።» የሜዳ አህያም፣ ሰስም፣ ሳላም እንዲሁ። አጥሩ በፀጉር ተሸፍኖ ደበሎ የለበሰ መሰለ። ጉሬዛ ማታ ማታ አጥሩን እየዞረ ሲያይ ደስታው ወሰን አጣ።

ሚስቱ እመት ጉሬዚት ግን ከቅርንጫፍ ላይ ሆና ታየዋለች። «ፀጉሩስ በዝቷል» አለችው አንድ ቀን፤ «ባለፀጉሮቹ የት አሉ?»

ጉሬዛ ተቆጣ። ሁሉም ቤቱን እንዳደነቁ፣ ሁሉም እንመለሳለን እንዳሉ በጆሮው ሰምቷል። ያልተመለሱት ከበሮው ስላነሰ ነው አለና ከግንድ የተፈለፈለ ትልቅ ነጋሪት ሠርቶ ደለቀ። ከሩቅ አገር ሌሎች መጡ። አጥሩ ላይ ፀጉር ተጨመረ፣ እነሱም አመስግነው ሄዱ። ሌላ መቀመጫ ጨመረ፣ ዘፈኑንም አስረዘመው። በመጨረሻ በአገሩ ውስጥ ያልመጣ እንስሳ ጠፋ፤ የተመለሰም የለም። ያን ጊዜ ጉሬዛ የዘመኑ እንስሳ ውለታ ቢስ ነው እያለ ማማረር ጀመረ።

ሆራ ያለበት ጨፌ ሣሩ በጋ ከክረምት አይደርቅም። ካልተረገጠ ወዲያው ጉልበት ይደርሳል። አያ ጅቦ አንድ ቀን በደጁ ሲያልፍ ቆም ብሎ ሣሩን አሸተተና በትሕትና እጅ ነሣ። ዳኛ ዝሆን ጨረቃ ሙሉ ስትሆን እንደሚመጡ መስማቱን ነገረው። «ጋሽ ጉሬዛ፣ ሣርህ እንዴት ያለ አምሮበታል» ብሎት ከንፈሩን እየላሰ ሄደ።

ያን ለታ ጉሬዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ልጆቹን አየ፣ ዝግባውን አየ። ቁጭ ብሎ ማሰብ ስላቃተው ግቢውን ይዞር ጀመር። ዞሮ ዞሮ ከኋላ በኩል ሲደርስ አጥሩ ተቀዶ አገኘው። ከቀዳዳው እስከ ሆራው ድረስ ሣሩ ተነጭቶ፣ መሬቱ ተደልድሎ፣ ቀጭን መንገድ ወጥቷል።

ሌባ ነው ብሎ ዱላ ይዞ አደባ። ብዙም አልቆየ፤ ከርከሮ ጭቃውን እንደተለቀለቀ በቀዳዳው ገብቶ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ ጠጥቶ ጠጥቶ አገሳ። ጉሬዛ ከዛፍ ዘሎ ፊቱ ቆመና በር እያለ በአጥር የሚገባ ምን ዓይነት ባለጌ ነው ብሎ ጠየቀው።

«በበሩማ መጥቼ ነበር» አለ ከርከሮ። «ጨው አምሮኝ ስመጣ ሰባት ቤት ቁጠር አልከኝ። እኔ ከአያቴ ወዲያ አላውቅም። አፈርኩና ዞርኩ። በኋላ በኩል ሲሸተኝ ገፋ አድርጌ ገብቼ ቀመስኩ። በማግስቱ ስነሣ ምላሴ እየጎተተ አመጣኝ።»

ጉሬዛ ዱላውን ዝቅ አደረገ። ሌሎቹ ሁሉ ቤቱን ግሩም ነው እንዳሉት ነገረው።

«ሰው ደጅ ተቀምጦ 'ቤትህ አሰለቸኝ' የሚል እንግዳ አይተህ ታውቃለህ?» አለው ከርከሮ። «እኔ ይሉኝታ ስላልፈጠረብኝ ነው የምነግርህ። ግቢህ ብዙ ነገር አለው። ለእንግዳ ግን ውሃ የለውም።»

ጉሬዛ አላመነም። ግን ብልህ ነው ብያችኋለሁ፤ ያላመነውን ነገር ሳይሞክር አይተውም። ምላሱ እስኪደርቅ ድረስ ከሆራው ታቀበ። ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ፣ ዛሬ እንግዳ ነኝና በሩ ላይ ተቀበይኝ፣ እኔ የማደርገውን ሁሉ አንድ ሳታጎድዪ አድርጊው አላት። እመት ጉሬዚት ይህን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ትመስል ነበር።

ሰላምታውን ከአያት እስከ ጎረቤት አዳረሰችው። ሰባት ቤት አስቆጠረችው፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ተደናበረ፣ ለካ እሱም አያውቃቸውም። ከዚያ ነጭ ኩታውን ይዛ ነጨችለት፤ ዓይኑ እንባ ቋጠረ። መቀመጫው ላይ አስቀምጣ ስለ ጽዱ ተረከችለት። ጉሬዛ የራሱን ወሬ ያን ያህል ረጅም አድርጎ ሰምቶት አያውቅም። ውሃው ይሸተዋል፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል፣ ልጆቹን የሚሰበስብበት ሰዓት ደርሷል። እሷ ግን ዘፈኑን ገና መጀመሯ ነው። ጥላ ሲረዝም ጉሬዛ ብድግ አለ።

«እጅግ ግሩም ቤት ነው፤ እግዜር ያክብርልኝ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ወደ በሩ ተራመደ።

«ወዴት ነው?» አለችው ሚስቱ። «ውሃው በዚህ ነው እኮ።»

ጉሬዛ ባለበት ቆመ። የአገሩ እንስሳ ሁሉ የነገረውን ቃል ከገዛ አፉ ሰማው። ያኔ ክፉኛ አፈረ፤ ሲያመሰግኑት የነበሩት ሁሉ እየሸሹት እንደነበር ገባው። እፍረቱ ግን አላስቀመጠውም። ያንኑ ለት በሩን ነቀለ። እሾሁን ፀጉሩ እንደተንጠለጠለበት ጎትቶ ጣለው፣ ወፎች ለጎጆ ለቀሙት። የነጋሪቱን ግንድ ለሁለት ሰንጥቆ ገንዳ አደረገው። ከርከሮን በአፍንጫህ ቦይ አውጣልኝ ብሎ ለመነው፤ ሆራውም እየፈሰሰ እመንገዱ ዳር ገንዳው ውስጥ ገባ።

አሁን እንግዶቹን መመለስ ቀረ። ከበሮ አልመታም። በእግሩ እናት ድኩላ ዘንድ ሄደ። ድኩላ ስታየው ደነገጠች፤ ልንመጣ ስንል ግልገሉን አሞት ነው፣ ደግሞ ሥራ በዝቶ ነው እያለች ምክንያት ትደረድር ጀመር።

«እመት ድኩላ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «የማን ልጅ ነሽ አልልሽም። እመንገዱ ዳር ገንዳ አለ፤ ግልገሉ አንዴ ይላስና ሂዱ።»

መጡ። ግልገሉ አንዴ ላሰ፣ ደገመ፣ ጆሮው ቀጥ አለ። ጉሬዛ ከዝግባው ላይ ሆኖ አንድ ቃል ሳይተነፍስ አያቸው፤ ዝም ማለት ለሱ እንዴት እንደከበደው እናንተው ገምቱ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግልገሉ እናቱን እየጎተተ መጣ። በሦስተኛው ቀን አክስቶቹን ይዞ መጣ። ጎሽ ሰማ፣ አጋዘን ሰማ፣ የሜዳ አህያ መንጋውን ነድቶ ደረሰ። ቀምሰው ይሄዳሉ፣ ነግቶ ይመለሳሉ። የሚገርመው፣ ሲመላለሱ ጊዜ ማንም ሳይጠይቃቸው የማን ልጅ እንደሆኑ ራሳቸው ይነግሩት ጀመር። ድኩላማ ሰባት ቤቷን ደግማ ስትቆጥርለት ማቆሚያ አጣች።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ዳኛ ዝሆን መጡ። አያ ጅቦ ቀድሞ ተሰልፎ ነበር። እነሆ በሩ ፈርሷል፣ አጥሩ ወድቋል፣ የእንግዶች ፀጉር የለም፤ ባለቤት የሌለው ምንጭ ነውና ይሰጠኝ ብሎ ተከራከረ። ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው መሬቱን አዩ። ከጫካው፣ ከሜዳው፣ ከወንዙ ማዶ የሚመጡ መንገዶች እገንዳው ጋ ይገናኛሉ፤ ሣር የሚባል የለም፣ አፈሩ ዱቄት ሆኗል።

«ፀጉር ያንጠለጠለ ሁሉ ወዳጅ አይደለም» አሉ ዳኛ ዝሆን። «እግር ግን አይዋሽም። ሆራው የጉሬዛ ነው።»

ጅብ ጅራቱን ወሽቆ ሄደ። ዳኛውም ሊሄዱ ሲሉ፣ እግረ መንገዳቸውን ኩምቢያቸውን ገንዳው ውስጥ ነከር አድርገው ቀመሱ። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ማለዳ ጉሬዛ ከዝግባው ሲወርድ፣ ዳኛ ዝሆን ክስም ችሎትም ሳይኖር ገንዳው ጋ ቆመዋል። ከኋላቸው ልጆቻቸው ተሰልፈዋል።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎች ማለት የጀመሩት ቃል ግን ከእናንተ ጋር ይደር፦ እንግዳን ከበሮ ያመጣዋል፣ ቅምሻ ይመልሰዋል።