ላስቲኩ ያልተላጠው ስዊች

ተረት ተረት ስላችሁ «የመረጃ በረት» በሉኝ።

ደሴ ውስጥ ስመኝ የምትባል የኔትወርክ ሰልጣኝ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰርቨሯ ዲስክ እንዲያገኝላት። ዲስክ በሰርቨሩ ሆድ አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ግን ዲስኮቹ ለብቻቸው በአንድ ሳጥን ይኖራሉ፤ ሰርቨሮቹ በገመድና በስዊች ተሻግረው ይደርሱባቸዋል። ትምህርቱም ያንን መንገድ መንደፍ ነው። አሰልጣኙ ጋሽ መንበሩ ጠዋት ተናግረዋል፦ እስከ ምሳ ዲስክ ያገኘ የከተማውን ሆስፒታል መረብ ይነድፋል፤ ያላገኘ ሻንጣውን ይሸክፋል።

ስመኝ ዲስኩን ጠራችው። ዲስኩ አልታይም አለ። «ከእኔ ሌላ ማን አለሽና?»

ወደ ስዊቹ ሄደች። ስዊች ማለት በረኛ ነው፤ ማን ከማን እንደሚገናኝ እሱ ይወስናል። ስዊች ሆይ፣ ዲስኩን ከጎረቤቶቹ ለየው፤ ዲስኩ ለሰርቨሬ አይታይም አለችው። ስዊቹ አልለይም አለ። ከእኔ ሌላ ማን አለሽና?

ወደ ገመዱ ሄደች፤ ውስጡ ብርሃን የሚሮጥበት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው። ገመድ ሆይ፣ ስዊቹን ብርሃን ንፈገው፤ ስዊቹ ዲስኩን አይለይም፣ ዲስኩ ለሰርቨሬ አይታይም። ገመዱ አልነፍግም አለ። ከእኔ ሌላ ማን አለሽና?

ወደ ፒንሳው ሄደች። ፒንሳ ሆይ፣ ገመዱን ቁረጠው፤ ገመዱ ስዊቹን አይነፍግም፣ ስዊቹ ዲስኩን አይለይም፣ ዲስኩ ለሰርቨሬ አይታይም። ፒንሳውም ያው ነው፤ አልቆርጥም። ከእኔ ሌላ ማን አለሽና?

ወደ ጋሽ መንበሩ ሄደች። ጋሼ፣ ፒንሳውን ሳጥን ውስጥ ይቆልፉልኝ፤ ፒንሳው ገመዱን አይቆርጥም፣ ገመዱ ስዊቹን አይነፍግም፣ ስዊቹ ዲስኩን አይለይም፣ ዲስኩ ለሰርቨሬ አይታይም። ጋሽ መንበሩ ሳቁ። «አልቆልፍም። አቤቱታሽን ከእኔ ሌላ ማን ይሰማልሻል?»

እዚህ ላይ ስመኝ ልመናው በቃኝ አለች። ሁሉም የሚኮሩት አንድ ለእናቱ ስለሆኑ ነው! ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ሁለተኛ ስዊች ከነገመዱ ተቀምጧል፤ ለእንግዳ ማሳያ ነው፣ እንዳይበላሽም ላስቲኩ አልተላጠም። አወረደችውና ላስቲኩን ቀደደችው።

ጋሽ መንበሩ ደነገጡ፤ ተይው አንቺ ልጅ፣ ፒንሳውን እቆልፈዋለሁ አሉ። ፒንሳው ከምቆለፍ ገመዱን እቆርጣለሁ አለ። ገመዱ ከምቆረጥ ስዊቹን እነፍገዋለሁ አለ። ስዊቹ ከምነፈግ ዲስኩን እለየዋለሁ አለ። ዲስኩም ከምለይ ይኸው አለሁ ብሎ ለሰርቨሩ ታየ።

«በቃ፣ መጣልሽ» አሉ ጋሽ መንበሩ። «መልሰሽ ሸፍኚው።»

«ዛሬ ፈርቶ መጣ። ነገ ሲኮራስ፣ ጋሼ? ሆስፒታሉ በሽተኛ አስተኝቶ ይለምነው?»

ሁለተኛውን ስዊች በሁለተኛው ገመድ ከሰርቨሩና ከዲስኩ ሳጥን ጋር ሰካች። ከዚያ የመጀመሪያውን ገመድ በገዛ እጇ ነቀለችው። ዲስኩ ንቅንቅ አላለም፤ በሁለተኛው መንገድ እንደታየ ቀረ።

ጋሽ መንበሩ ላስቲኩን ከመሬት አንስተው ጨመደዱና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሉት። «ሆስፒታሉ ያንቺ ነው» አሏት።

ተረቴን መልሱ፤ ላስቲኩን ግን እንዳትመልሱ።