ከቁማር ቤት የመጣው ጃንጥላ

አንድ ተማሪ ነበር። ከእኛው ሰበካ የወጣ፣ እዚሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ለትምህርት ሆንግ ኮንግ የሄደ ልጅ። ስሙን አልጠራም። አትፈልጉት፤ ወደ ጎንም አትዩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከክፍል ጓደኞቹ ጋር መርከብ ተሳፍሮ ማካው ወደምትባል ከተማ ሄደ። መንገዱ አንድ ሰዓት ነው፤ ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ። ከተማዋ የምትታወቀው በቁማር ቤቶቿ ነው። እሱ ግን ለቁማር አልሄደም። በእሳት የወደመ የጥንት ቤተ ክርስቲያን አለ ሲሉት ሊሳለም ነው የሄደው። ደረጃውን ወጣ። የቆመው የፊቱ ግንብ ብቻ ነው፤ በበሩ ብትገቡ ጣሪያ የለም፣ መቅደስ የለም። አማተበ፣ ግንቡን ሳመ፣ ፎቶ ተነሳ።

ከዚያስ? ከዚያ ዝናብ መጣ። ጓደኞቹ "ቁማር ቤቱ መግቢያ አያስከፍልም፣ እስኪያባራ እንጠለል" አሉት። ገባ።

ፈተና ሁልጊዜ ቀንድ አብቅሎ ይመጣል ያላችሁ ማን ነው? አንዳንዴ የዝናብ መጠለያ ሆኖ ይመጣል።

ውስጥ አንድ ክብ ጎማ ይሽከረከራል። ትንሽ ኳስ ይወረወርበትና ቀይ ላይ ወይ ጥቁር ላይ ያርፋል። ልጁ ቆሞ አየ። አየ፣ አየና እጁን ኪሱ ከተተ። የወር ቀለብ ገንዘቡን አውጥቶ ቀዩ ላይ አስቀመጠ። ይህን የትም አገር ያለ ሰው ያደርገዋል። ቀጥሎ ያደረገውን ግን የእኛ ልጅ ብቻ ነው የሚያደርገው። ዓይኑን ጨፈነና "ገብርኤል ሆይ፣ ቀዩ ላይ ካሳረፍክልኝ ጃንጥላ አገባልሃለሁ" ብሎ ተሳለ።

ሰማችሁ? መልአኩን ቁማር ቤት ጠራው። ያውም በጉቦ።

ኳሱ ቀዩ ላይ አረፈ።

አሁን ልጁ ተቀጣ፣ ባዶ እጁን ቀረ ብዬ እንድጨርስላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልቀረም። ቁማሩን በልቶ ወጣ። ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ፣ በበዓሉ ቀን፣ ወርቅማ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፋይ ጃንጥላ ይዞ እዚህ ቆመና "በሰው አገር ተስዬ ሰመረልኝ" አለ። ማን ተቀበለው? እኔ። "እልል በሉ" ያለውስ ማን ነው? እኔው ነኝ። እልል ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ከመካከላችን "ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የተሳልከው?" ያለ አንድ ሰው ነበር?

አንድም አልነበረም።

ከቅዳሴ በኋላ ግን እውነቱን ለባልንጀራው እየሳቀ አጫወተው። ባልንጀራውም በመስከረም ወደዚያው አገር ለትምህርት የሚሄድ ነበር። አሁን ጥሩአየሁን አስቧት፤ በራችን ላይ ጧፍ የምትሸጠውን። "ስሜን ጠርተው ይንገሯቸው" ብላኛለች። የልጇ የትርሲት ጆሮ አይሰማም። የመስሚያው መሣሪያ እዚያ ይገኛል ስለተባለ የጽዋ ማኅበርተኞቿ አዋጡላት፤ ገንዘቡንም ለዚህ ተጓዥ ሰጠችው። "አደራ፣ የልጄ ጆሮ በእጅህ ነው" አለችው።

ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ? ቅዳሜን ጠብቆ መርከብ ተሳፈረ። ያን ጎማ ፈልጎ አገኘ። "ገብርኤል ሆይ፣ እጥፍ ካደረግህልኝ ለመቅደስህ ምንጣፍ አገባለሁ" ብሎ ቀዩ ላይ አስቀመጠ። ኳሱ ጥቁር ላይ አረፈ። ደግሞ ተሳለ። ደግሞ ጥቁር። የመመለሻው መርከብ ሳይነሳ የትርሲት ጆሮ ተበላ።

ይህን ስሰማ ደወልኩለት። "አደራ በላህ" አልኩት። "መምህር፣ ለእሱ የሰማው ገብርኤል ለእኔ ለምን አልሰማም? እልል በሉ ያሉት እርስዎ አይደሉ?" አለኝ።

ምን ልመልስለት? እስቲ እናንተ መልሱልኝ። ስልኩን ዘጋሁት፤ ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። በልጁ ብቻ መስሏችኋል? ልጁ አደራ በልቷል፣ ይጠየቅበታል። እኔ ግን በራሴ ተናድጃለሁ። በእናንተም ተናድጃለሁ።

ይህ የሚደረገው ማካው ብቻ ነው? ሚዛን አጉድላችሁ ስትሸጡ ውላችሁ "ዘንድሮ ከቀናኝ ሻማ" ያላችሁ የላችሁም? የወንድማችሁን ቦታ በሐሰት ምስክር ልትወስዱ ችሎት ቆማችሁ "ከረታሁ መጋረጃ" ያላችሁስ? ለክፋታችሁ መልአክ ሸሪክ ታደርጋላችሁ። እኛም ምንጣፉ አልቋል፣ ጣሪያው ያፈሳል እያልን ሳንጠይቅ እንቀበላለን። ተቀብለን ተቀብለን ያ ልጅ የሳመውን ግንብ ሆነናል። ፊታችን ቆሟል፤ በበሩ የገባ ሰው ግን የሚያገኘው የለም።

ጃንጥላው ያውላችሁ፣ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ቆሟል። ይሸጣል፤ ዋጋው ለትርሲት ነው። ንዋየ ቅድሳት ይሸጣል ወይ ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያልጠየቃችሁ ዛሬ አትጠይቁኝ። እንደማይበቃም አውቃለሁ። የጎደለውን እኔ ከደመወዜ፣ እናንተም ያን ቀን እልል ያላችሁ ሁሉ ትሞላላችሁ።

ትርሲት ይኸው ከፊት ተቀምጣለች። ስብከቱን የምትከታተለው ከንፈሬን እያየች ነው። ሐምሌ ላይ እናንተ እልል ስትሉ አፋችሁን አይታ አብራችሁ አጨብጭባለች።

ከእንግዲህ ስለት ይዛችሁ ስትመጡ ለእኔ አትስጡኝ። መጀመሪያ እዚህ፣ እሷ ፊት ቁሙና ምን ብላችሁ እንደተሳላችሁ ንገሯት። ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ ከንፈራችሁን ታነባለች።