ለገዢ የወጣ መስኮት

አሮጌ ቤት የነበረው አንድ ሰው ነበረ። ቤቱን ሲገዛው እሱ ጎልማሳ፣ ሚስቱ ገና ሙሽራ ነበረች። እዚያው ወልደው ከበዱ፤ ልጆቻቸውንም ድረው አወጡ። በመጨረሻ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ቤቱን ሸጠው ሴት ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ለመሄድ ተስማሙ።

ይህን ምሳሌ የተናገሩት አባ ኅሩይ ናቸው፤ የተናገሩትም ላቀው ለሚባል የንስሐ ልጃቸው ነው። ላቀው የዕድር ዳኛ ነበር። የተጣላ ያስታርቃል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ በሰፈሩ ስሙ የተመሰገነ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀረበና፣ «አባ፣ ደጅ ስወጣ ሰው ሁሉ ይነሣልኛል። ቤቴ ስገባ ግን ሚስቴና ልጆቼ የያዙትን ወሬ ያቆማሉ። አልሰደብኳቸው፣ አልመታኋቸው። ምን በድያቸው ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አባ ኅሩይም ስለዚያ ባለ አሮጌ ቤት ሰው ይነግሩት ጀመር። እንዲህም አሉ፦

ሰውየው ክፉ አልነበረም። እጁ ሥራ ያውቃል። የጎረቤት አጥር ሲወድቅ መዶሻ ይዞ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። የአንዲት መበለት ጣራ ነፋስ ቢገነጥልባት ዝናቡ ሳይመጣ ወጥቶ መታላት። የራሱ ቤት ግን ይጠብቅ ነበር። የጓዳው በር ተንሻፎ መሬቱን ይፍቃል፤ ሚስቱ ደብሪቱ በትከሻዋ ደግፋ ካላነሣችው አይከፈትም። ክረምት ሲገባ ጣራው ከአልጋቸው ግርጌ ያፈሳል፤ እዚያ ሳፋ ትደቅናለች። ከሁሉ የባሰው ማድ ቤቱ ነበር። መስኮት የለውም። ጭሱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ሲዞር ይውላል፤ ደብሪቱም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ታበስላለች።

ሙሽራ ሳለች ነግራው ነበር። «እዚህ ግድግዳ ላይ ትንሽ መስኮት ብታወጣልኝ» አለችው። «ይደርሳል» አላት። የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልዳ ስትነሣም ነገረችው፤ «በጋ ይግባ» አላት። በጋው ገባ፣ ወጣም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አነሣችበት፤ አንድ ቀን ግን ማንሣቷን ተወች። እሱም ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ቤቱን ለመሸጥ ሲነሡ ደላላ ጠሩ። ደላላው ክፍሉን ሁሉ ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጌታው፣ እንዲህ እንዳለ ገዢ ባመጣ ከበራፍ ነው የሚመለስብኝ» አለ። «ቤት የሚገዛ ሰው ሚስቱን ይዞ ይመጣል፤ እሷ ደግሞ መጀመሪያ የምታየው ማድ ቤቱን ነው። መስኮት ያውጡለት። ጣራውን ይድፈኑ፣ በሩን ያስተካክሉ፣ ግድግዳውንም ኖራ ያስቀቡት።»

ሰውየው በማግሥቱ ሥራ ጀመረ። በራሱ ቤት ላይ እንዲህ ሲተጋ ያየው ሰው አልነበረም። ጣራ ላይ ወጥቶ የተበሳውን ቆርቆሮ ለወጠ። በሩን ነቅሎ ከሥሩ ላገው፤ መልሶ ሲሰቅለው በአንድ ጣት የሚከፈት ሆነ። ሥራው ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ራሱንም ገረመው። ደብሪቱ ጭቃውን ከጭድ ጋር ታቦካለታለች፣ ውሃ ታቀብለዋለች።

መጨረሻ ላይ የማድ ቤቱን ግድግዳ ከፈተ። ጭቃውን አፍርሶ፣ እንጨቱን በመጋዝ ቆርጦ የመስኮቱን መቃን ሲያስገባ ብርሃን ገባ። ደብሪቱ ቀረብ ብላ ወደ ውጭ ተመለከተች። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ኮክ አብቦ ቆሟል።

«ይህ ዛፍ እዚህ ነበር እንዴ?» አለች።

«ምን ነካሽ? ልጆቹ ከሱ ሲሰርቁ አይደል ያደጉት» አላት እየሣቀ።

«ከዚህ ሆኜ አይቼው አላውቅም» አለች።

እሱ ግን ሚስማሩን መምታቱን ቀጠለ።

ገዢዎቹ መጡ። አንድ ጎልማሳና ወጣት ሚስቱ ነበሩ። ሰውየው እየመራ ሁሉንም አሳያቸው። ማድ ቤቱ ሲደርሱ ወደ ወጣቷ ዞሮ፣ «እይው እስቲ፣ ልጄ። ጠዋት ፀሐይ ይገባልሻል። ጭሱ በዚህ ይወጣል፣ ዓይንሽን አያቃጥልሽም። መቼም ሰው ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ሲያበስል መዋል የለበትም» አላት።

ወጣቷ ደስ አላትና ወደ ደብሪቱ ዞረች። «ታድለዋል፣ እማማ። ዕድሜዎን ሁሉ እንዲህ ባለ ማድ ቤት ኖሩ» አለቻት።

ደብሪቱ መዋሸት አልፈለገችም፤ ባሏን በሰው ፊት ማሳፈርም አልፈለገችም። መስኮቱን አየት አደረገችና በቀስታ፣ «እኔ በዚህ አልኖርሁም፣ ልጄ። ይህ ባለፈው ሳምንት ለእናንተ የተሠራ ነው። ደስ ብሏችሁ ኑሩበት» አለች።

ሰውየው ዓይኑን ከሰዎቹ ለማሸሽ ቀና አለ። ኖራው ያልደረሰበት የጣራው እንጨት በጥላሸት እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሲኖርበት አላየውም ነበር፤ አሁን ግን ብርሃን አለና አየው። ያ ሁሉ ጭስ እንጨቱ ላይ ከማረፉ በፊት በሚስቱ ዓይንና ደረት በኩል እንዳለፈ ያን ጊዜ ገባው።

ገዢዎቹ ተስማምተው ሄዱ። ሰውየው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር።»

«ኋላ ግን ተውሽው።»

«ኋላማ ዝም አልሁ» አለች ደብሪቱ። «አንተ የተስማማኝ መሰለህ።»

ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «ሽያጩ ይቅርብን። ቤቱ አሁን ተስተካክሏል፤ እንኑርበት» አላት።

«ለሰዎቹ ቃል ሰጥተሃል፤ ልጄም ትጠብቀኛለች» አለችው። «ዛሬ መስኮት ስለወጣ ያለፈው አይመለስልኝም። እንሂድ።»

እዚህ ላይ ላቀው፣ «እና ሸጡት?» ብሎ አባ ኅሩይን አቋረጣቸው።

«ሸጡት» አሉ አባ ኅሩይ። «ያማረው ቤት የሌላ ሰው ሆነ።» ከዚያም ቀጠሉ።

በልጃቸው ከተማ አንዲት ጠባብ ቤት ያዙ። ዕቃቸው ገና ገብቶ ሳያልቅ ሰውየው፣ «ይህ ቤት ምን ይጎድለዋል?» ብሎ ጠየቃት። «ደህና ነው» አለችው። ደህና ነው ማለት ልማዷ እንደሆነ አሁን አውቋልና አላመናትም። በሌላ ቀን ጠየቃት፤ ያንኑ መለሰችለት። አልተቆጣም፣ መጠየቁንም አልተወም። አንድ ቀን ምሳ ሲበሉ፣ ቀና ሳትል፣ «ያ መደርደሪያ ከፍ ብሎብኛል፤ እጄ አይደርስበትም» አለች።

የጎረሰውን ሳይውጥ ተነሣ። መደርደሪያውን ነቅሎ በእሷ ትከሻ ልክ መታው። ደብሪቱ ብርጭቆዎቿን ደረደረችበት፤ ራቅ ብላም አየችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ «አልጋውም ይነቃነቃል» አለችው።

ሰውየው ስንት ጎረቤት መርቆታል፤ እንዲህ ደስ ብሎት ግን አያውቅም። ሚስቱ እንደገና ትነግረው ጀምራለች። ያን ሥራውን ያየ ገዢ የለም፣ ያመሰገነውም ደላላ የለም።

አባ ኅሩይ ይህን ተናግረው ወደ ላቀው ዞሩ።

«ልጄ፣ ቤትህ ያ አሮጌ ቤት ነው። ደጅ ላይ የሚነሣልህ ሰው ደግሞ ገዢው ነው። ለሱ ስትል ትጠግናለህ። የሰው ሚስት እያለቀሰች ስትመጣ እስክትጨርስ ትሰማታለህ። ያንተዋ መጨረሻ የለመነችህ ምን ነበር? ታስታውሰዋለህ?»

ላቀው ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

«ምን በደልኋቸው አልኸኝ። እውነት ነው፣ አልመታሃቸውም፣ አልሰደብሃቸውም። ይደርሳል አልሃቸው። ዝም ያሉህ ጠልተውህ አይደለም፤ ነግረውህ ሰልችቷቸው ነው።»

ላቀው አንገቱን ደፋ። «ታዲያ ዛሬ ገብቼ ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበላቸው። ምን እንደጎደላቸው ጠይቃቸው። ደህና ነው ይሉሃል። አትመናቸው፤ ግን አትቆጣቸው። ነገም ጠይቅ። የነገሩህ ቀን ግን አታሳድረው።»