ኃላፊው የቆሙበት ነጥብ

ከተማው «ያቺ ምላሰኛ መምህርት» እያለ የሚያወራላት ሴት እኔ ነኝ። አፍሬ ለዓመታት ደብቄው ኖርኩ።

ሰሌዳው ላይ አንድ አግድም፣ አንድ ደግሞ ወደ ላይ የቆመ መስመር አቋርጬ፣ ነጥቦች ሁሉ ከመገናኛው እንደሚለኩ ሳስተምር፣ የወረዳው ትምህርት ኃላፊ አቶ ጓንጉል ገቡ።

«በዚህ ወረዳስ ሁሉም የሚለካው ከእኔ ነው!» አሉ። «በይ፣ ቦታዬን አሳዪኝ። አሳንሰሽ ካሳየሽኝ ነገውኑ ወደ በረሃ ትዛወሪያለሽ።»

ጠመኔዬን መገናኛው ላይ አሳረፍኩ።

«አያችሁ? መሃል ላይ!» ብለው ለተማሪዎቹ ደረታቸውን ነፉ። «ቁጥሬስ ስንት ነው?»

«ወደ ጎን ዜሮ፣ ወደ ላይም ዜሮ ነው፣ ጌታዬ። ሌላው ምን ያህል እንደተራመደ ከእርስዎ ይለካል፤ እርስዎ ግን ገና የትም አልሄዱም።»