ልቧ ያላረፈው ሚዳቋ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ የጆሯችሁን በረት ክፈቱልኝ።

ግልገሏን ነብር የወሰደባት አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ልቧ እየደለቀ ሣር መጋጥ አቃታት።

ኤሊን መላ ብትጠይቃት፣ «ቀስ ብለሽ በረጅሙ ተንፍሺ» አለቻት። ተነፈሰች፤ ጥቂት ቀለል አላትና ተመልሶ ያው ሆነ። ዝንጀሮም «ጠዋት ማታ ጤና አዳም አሽትቺ» አላት። አሸተተች፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም።

በመጨረሻ ታክቷት ከአንዲት አሮጊት አህያ አጠገብ ተጋደመች።

«እማማ፣ እርስዎስ ፍርሃትን በምን አባረሩት?»

«አላባረርኩትም ልጄ። ጅብ እህቴን ከበላት ወዲህ አብሮኝ ይውላል። በይ አንቺ ጋጪ፣ እኔ ዙሪያውን ልይልሽ። ስትጠግቢ ታዪልኛለሽ።»

ሚዳቋ ልቧ እየመታ ጎንበስ ብላ ጋጠች። ስትጠግብ ቀና አለች፤ አህያዋም በተራዋ አንገቷን ወደ ሣሩ ሰደደች።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ አፌንም በውኃ አርሱልኝ።